የድራጎን ልጅ ፍለጋ፦ የቻይና ኮከብ ቆጠራ እርግዝናንና የመካንነት ሕክምናን ሲመራ



በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ። «ዶክተር፣ በቴሌግራም የሚዞረው የቻይና ካላንደር የፅንሱን ፆታ በትክክል ይናገራል ወይ?» አይናገርም። ስዊድን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 2006 የተወለዱ ከ2.8 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት መረጃ ተወስዶ ተፈትሾ ነበር፤ ካላንደሩ ያገኘው ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው። ሳንቲም ወርውራችሁ ዘውድ ወይ ጎፈር ብትባባሉም ያው ነው።

ዛሬ ግን ላወራችሁ የፈለግኩት ከዚህ ስለሚከብድ ጉዳይ ነው። በምሥራቅ እስያ ብዙ ጥንዶች የሚጨነቁት ወንድ ይሁን ሴት በሚለው ብቻ አይደለም፤ ልጁ በየትኛው ዓመት ይወለድ የሚለውም ያስጨንቃቸዋል። ዓመቱ ጥሩ ነው ተብሎ ልጅ ይቸኮላል፣ ዓመቱ መጥፎ ነው ተብሎ ልጅ ይዘገያል። የመካንነት ሕክምና ላይ ያሉት ደግሞ ይህንኑ ይዘው ሐኪማቸው ፊት ይቀርባሉ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ አቆጣጠሩን እንረዳው። እኛ ዘመነ ማቴዎስ፣ ዘመነ ማርቆስ እያልን በየ4 ዓመቱ እንደምንዞረው፣ የቻይናው በየ12 ዓመቱ ይዞራል፤ እያንዳንዱ ዓመትም የእንስሳ ስም አለው። አይጥ፣ በሬ፣ ነብር፣ ጥንቸል፣ ድራጎን፣ እባብ፣ ፈረስ፣ በግ፣ ዝንጀሮ፣ አውራ ዶሮ፣ ውሻ፣ አሳማ። በዚህ ላይ እንጨት፣ እሳት፣ አፈር፣ ብረትና ውሃ የሚባሉ 5 ባሕርያት ይጨመራሉ፤ ስለዚህ «የእሳት ፈረስ» ወይም «የእንጨት ድራጎን» ተመልሶ የሚመጣው በ60 ዓመት አንዴ ነው። ልጁ የተወለደበትን ዓመት ጠባይ ይዞ ያድጋል ይባላል። የእኛ ዘመነ ወንጌላውያን ይህ ጣጣ የለበትም፤ በዘመነ ሉቃስ ላለመውለድ ፕላን የጀመረ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ከሁሉም የሚፈለገው ድራጎን ነው። እኛ ጋ ድራጎን ሲባል ትዝ የሚለን ቅዱስ ጊዮርጊስ በጦር የወጋው አውሬ ነው፤ ቻይናውያን ዘንድ ግን የንጉሥ፣ የሀብትና የዕድል ምልክት ነው። 1976፣ 1988፣ 2000፣ 2012 እና 2024 የድራጎን ዓመቶች ነበሩ።

ሲንጋፖርን እንይ። በ1987 የተወለዱት ሕፃናት 43,616 ነበሩ፤ በድራጎኑ 1988 ግን 52,957 ሆኑ። (ሁሉም የድራጎን ሥራ አይደለም፤ መንግሥት ልክ በ1987 ፖሊሲውን ቀይሮ አቅም ያለው 3 እና ከዚያ በላይ ይውለድ ማለት ጀምሮ ነበር።) ታይዋን ውስጥ ደግሞ 2010 የነብር ዓመት ነበር። ነብር ኃይለኛና አስቸጋሪ ነው ስለሚባል አይፈለግም። በዚያ ዓመት 166,886 ሕፃናት ብቻ ተወለዱ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በድራጎኑ 2012፣ ቁጥሩ 229,481 ደረሰ። ከሲሶ በላይ ጭማሪ ማለት ነው! በሁለት ዓመት ውስጥ የሴቶች ማህፀን አልተለወጠም። የተለወጠው ውሳኔያቸው ነው።

እዚህ ላይ የሚገርመኝ ነገር አለ። እምነቱ ጥንታዊ ቢሆንም በወሊድ ቁጥር ላይ የድራጎን ጫና ጎልቶ መታየት የጀመረው ከ1976 ወዲህ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። ድሮ ሰው ስድስት ሰባት ልጅ ሲወልድ አንዱ ድራጎን ላይ ሳያስበው ይወድቅለታል፤ ቢፈልግ እንኳ ዓመት መምረጫ መሣሪያ አልነበረውም። የወሊድ መቆጣጠሪያ ሲመጣና ልጅ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ሲሆን ግን «አንድ ከሆነ አይቀር፣ የተመረጠ ይሁን» ተባለ። ዘመናዊው ሕክምና ለአሮጌው እምነት እጅና እግር ሰጠው ማለት ነው።

የበግ ዓመትም አለ። በተለይ ሰሜን ቻይና ውስጥ በግ ዓመት የተወለደ ዕድሉ ጎዶሎ ነው የሚል አባባል አለ፤ ከአሥር በጎች ዘጠኙ ደስታቸው ሙሉ አይሆንም ዓይነት። 2015 የበግ ዓመት ነበር። ቻይና የአንድ ልጅ ሕጓን በ2013 መጨረሻ ላይ ላላ ስላደረገች ወሊድ ይጨምራል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ከ2014ቱ 16.87 ሚሊዮን ወደ 16.55 ሚሊዮን ወረደ። ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ በግ ነው። የበጉ ዓመት የሚገባው ፌብሩዋሪ 19 ስለነበር፣ ከዚያ ቀን በፊት ልጄን በኦፕራሲዮን አውጡልኝ የሚሉ እናቶች እንደነበሩም በጊዜው ተዘግቧል። ወደዚህ እመለሳለሁ፣ ምክንያቱም ይህ ቀልድ አይደለም።

ወደ ጃፓን እንሻገር፤ ከሁሉም ከባዱ ታሪክ እዚያ ነው ያለው። የእሳት ፈረስ ዓመት፣ በጃፓንኛ «ሂኖኤ ኡማ»፣ የተወለደች ሴት ባሏን ታጠፋለች ይባላል። እምነቱ ያኦያ ኦሺቺ ከምትባል የ17ኛው ክፍለ ዘመን ወጣት ጋር ይያያዛል፤ የምትወደውን ልጅ ለማግኘት እሳት ለኮሰች ተብላ የተቀጣች፣ በ1666 በእሳት ፈረስ ዓመት ተወለደች የምትባል ናት።

በ1965 ጃፓን ውስጥ 1,823,697 ሕፃናት ተወለዱ። በእሳት ፈረሱ 1966፣ 1,360,974። በ1967 ደግሞ 1,935,647። ቁጥሮቹን እንደገና እዩአቸው። ጦርነት የለም፣ ረሃብ የለም፣ ወረርሽኝ የለም፤ ኢኮኖሚው እያደገ ነው፤ ከአራት ልጅ አንዱ ግን ሳይወለድ ቀረ። በዚያ ላይ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ጃፓን ውስጥ የተፈቀደው በ1999 ነው። ታዲያ በምን ተቆጣጠሩ? በኮንዶም፣ በመታቀብ፣ እና እርግዝና በማቋረጥ። በዚያ ዓመት የውርጃ ምጣኔ ከፍ ማለቱ ተጠንቷል። ሴት ልጃቸውን የ1965 ወይም የ1967 ናት ብለው ያስመዘገቡ ወላጆችም ነበሩ። ምስኪኗ ገና ሳትወለድ ወይም በተወለደች ማግሥት ባል ገዳይ ተባለች!

በነገራችን ላይ የጃፓኑ አልጋ ወራሽ ልዑል አኪሺኖ ባለቤት ልዕልት ኪኮ የተወለዱት በሴፕቴምበር 1966 ነው። የእሳት ፈረስ ናቸው። በ1990 ተጋብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል፤ ባላቸውም በሕይወት አሉ።

ከ60 ዓመት በኋላ ያ ዓመት ተመልሶ መጥቷል። 2026 የእሳት ፈረስ ነው። ጃፓን ዓመቱን የምትቆጥረው ከጃንዋሪ 1 ሲሆን፣ በቻይናው አቆጣጠር ፈረሱ የገባው ፌብሩዋሪ 17፣ ማለትም በእኛ የካቲት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ጃፓን በ2024 የወለደችው 686 ሺህ ገደማ ሕፃናት ብቻ ስለሆነ ባለሙያዎቹ ይህን ዓመት በሥጋት ሲጠብቁት ቆይተዋል። እኔ በበኩሌ የ1966 ዓይነት ነገር ይደገማል ብዬ አላስብም። እምነቱ እየላላ ነው። ድራጎኑም ቢሆን ጉልበቱ አልቋል፤ በ2024 የድራጎን ዓመት ታይዋን የወለደችው 134,856 ሲሆን ከ2023ቱ 135,571 እንኳ ያነሰ ነው። የቤት ኪራይና የልጅ ማሳደጊያ ወጪ ከድራጎን ይበልጣል መሰለኝ።

ቁጥሩ ቢቀንስም ግን ክሊኒክ ውስጥ ያለው ጥያቄ አልጠፋም። አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። ታይፔ የምትኖር የ37 ዓመት ሴት በ2021 ልጅ ትፈልጋለች እንበል። የነብሩ ዓመት ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2022 እስከ ጃንዋሪ 21 ቀን 2023 ነው። ከፅንሰት እስከ ወሊድ በአማካይ 266 ቀን ስለሚፈጅ፣ ነብር እንዳይወለድ ከሜይ 2021 አጋማሽ እስከ ኤፕሪል 2022 መጨረሻ አታረግዝም። አንድ ዓመት ሄደ። አማቷ ደግሞ «ከዘገየ አይቀር ድራጎን ይሁን» አሉ። ድራጎን ለመውለድ ፅንሱ ከሜይ 20 ቀን 2023 እስከ ሜይ 7 ቀን 2024 ባለው ጊዜ መያዝ አለበት። ሁለት ዓመት ሄደ። ስትጀምር 39 ሆናለች፤ በእጇ ያለው ደግሞ 12 የወር አበባ ዑደት ገደማ ነው። በየዑደቱ እርግዝና ሊፈጠር የሚችልባቸው ቀናት 6 ያህል ብቻ ናቸው፤ የወንዱ ዘር እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል፣ እንቁላሏ ግን ከወጣች በኋላ ከ24 ሰዓት አታልፍም።

ሴት ልጅ ስትወለድ እንቁላሎቿን በሙሉ ይዛ ነው የምትወለደው፤ አዲስ አይመረትም። በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች ጤነኛ ሴት በአንድ ወር ውስጥ የማርገዝ ዕድሏ ከ4 አንድ ገደማ ነው። 40 ዓመት ላይ ከ10 አንድ ገደማ ይሆናል። ውርጃም ይጨምራል፤ ከ40 በኋላ ከሦስት እርግዝና አንዱ ወይም ከዚያ በላይ ይወርዳል። ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ የመውለድ ዕድል በ35 ዓመት ከ350 አንድ ገደማ ሲሆን በ40 ዓመት ከ100 አንድ ገደማ ነው። ነብርን የፈራች ሴት ከነብር የሚብሰውን ነገር ስትጠብቅ ቆየች ማለት ነው።

«አይቪኤፍ አለ አይደል?» ትሉኛላችሁ። አለ። ለ10 ቀን ገደማ የሆርሞን መርፌ ተሰጥቶ እንቁላሎች እንዲበስሉ ይደረጋል፣ በመርፌ ይወጣሉ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ከዘር ጋር ይዋሐዳሉ፣ የተፈጠረው ፅንስ በ5ኛው ቀን ወደ ማህፀን ይገባል ወይም ይቀዘቅዛል። ማቀዝቀዙ ነው ለኮከብ ቆጠራ በር የከፈተው። ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ናይትሮጅን ውስጥ የተቀመጠ ፅንስ አያረጅም። ስለዚህ ጥንዶቹ ዛሬ ፅንስ ሠርተው፣ ነብሩን አሳልፈው፣ ድራጎኑ ሲደርስ ማስገባት ይችላሉ። በሕክምና ዓይን ይህ ጉዳቱ አነስተኛ ነው። ችግሩ ፅንስ ባንክ እንደገባ ገንዘብ አለመሆኑ ነው። ሲገባ ላይያዝ ይችላል፤ ከያዘም ሊወርድ ይችላል። ፅንሱ ባያረጅም እናትየው ታረጃለች፣ ደም ግፊትና ስኳርም ከዕድሜ ጋር ይመጣሉ። ሳታስቀምጡ ዝም ብላችሁ ዓመቱን የጠበቃችሁ እንደሆነ ደግሞ አይቪኤፍ የእንቁላልን ዕድሜ መመለስ አይችልም። በራሷ እንቁላል የምትሞክር ከ35 ዓመት በታች ያለች ሴት ጥሩ ተስፋ አላት፤ ከ42 በላይ ግን ከመቶ የሚሳካላቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን መጠበቁ ሳይሆን መቸኮሉ ነው። የድራጎኑ ዓመት ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው ጥንዶች «ሁለት ፅንስ አንድ ላይ አስገቡልን» ይላሉ። ሁለቱም ከያዙ መንታ ነው። መንታ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ከመንታዎች ግማሽ በላይ የሚሆኑት ከ37 ሳምንት በፊት ይወለዳሉ፤ እናትየውም ለደም ግፊትና ለደም መፍሰስ የበለጠ ትጋለጣለች። እንቁላል የሚያበስል መድኃኒት ያለ ክትትል መውሰድም እንዲሁ ለመንታና ከዚያም በላይ፣ አንዳንዴም እንቁላል አመንጪ አካል አብጦ ሆድ ውስጥ ውሃ ለሚጠራቀምበት ከባድ ችግር ይዳርጋል። (ይህን መድኃኒት ከፋርማሲ በጓደኛ ምክር የምትገዙ እህቶች፣ ይሄ የቻይና ጉዳይ ብቻ አይደለም።)

የበጉን ዓመት ለማምለጥ በኦፕራሲዮን ቀድሞ ማውጣት ያልኩት ላይ ልመለስ። የሕፃኑ ሳንባ እስከ መጨረሻዎቹ ሳምንታት ይበስላል። በቂ የሕክምና ምክንያት ሳይኖር ከ39 ሳምንት በፊት በቀጠሮ ኦፕራሲዮን የሚወለድ ሕፃን የመተንፈስ ችግር ገጥሞት ወደ ጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ክፍል የመግባት ዕድሉ ይጨምራል። እናትና ልጅን ለማዳን ከሆነ በ30 ሳምንትም ይወጣል፤ ለበግ ብሎ ግን አይደለም። 39 ሳምንት ካለፈና ኦፕራሲዮኑ በሌላ ምክንያት የማይቀር ከሆነ፣ ሰኞ ወይስ ረቡዕ የሚለውን ቤተሰቡ ቢመርጥ እኔ አልከራከርም። የሰውን እምነት ማክበር የሚቻልበት ቦታ አለ፤ የማይቻልበትም አለ።

ለመሆኑ ድራጎኖቹ ዕድለኛ ሆኑ ወይ? ቻይና ውስጥ የተሠራ ጥናት የድራጎን ዓመት ልጆች በፈተና የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አግኝቷል። ነገር ግን ምክንያቱ ኮከቡ አልነበረም፤ ወላጆቻቸው ከእነሱ የበለጠ ይጠብቃሉ፣ የበለጠ ጊዜና ገንዘብም ያወጡባቸዋል። ሲንጋፖር ላይ ደግሞ ተቃራኒው ታየ። በአንድ ዓመት ብዙ ልጅ ሲወለድ በዚያ ዓመት ለትምህርት ቤት፣ ለዩኒቨርሲቲ፣ ለሥራ የሚሰለፈው ይበዛል፤ የድራጎኖቹ ገቢም ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ሁሉም ዕድለኛውን ዓመት ሲመርጥ ዓመቱ ራሱ ይጣበባል።

ይህን ሁሉ አንብባችሁ «የሰው አገር ጉድ!» እንዳትሉ። እኛም የስምና የእናት ስም ፊደል ቆጥሮ በ12 የሚገድፍ ዓውደ ነገሥት አለን። «ኮከባችን አልገጠመም፣ ለዚህ ነው ልጅ ያልያዘልን» ብለው ከአዋቂ ወደ አዋቂ ሲዞሩ ዓመታት ያሳለፉ ባልና ሚስት በየሰፈሩ አሉ። የታይፔዋን ሴት የሚጎዳትና የአዲስ አበባዋን ሴት የሚጎዳት ነገር አንድ ነው፤ ጊዜ።

ስለዚህ ለእናንተ የሚጠቅመውን ልንገራችሁ። ዕድሜሽ ከ35 በታች ከሆነና ያለ መከላከያ በየጊዜው ግንኙነት እያደረጋችሁ አንድ ዓመት ከሞላችሁ ተመርመሩ። 35 ካለፈሽ 6 ወር ይበቃል። 40 ከሆንሽ አትጠብቂ። የወር አበባሽ የሚዛባ ወይም ከባድ የማህፀን ኢንፌክሽን ታሞ የነበረ ከሆነም ይህን ጊዜ መቁጠር አያስፈልግም፣ ቀድማችሁ ኑ።

ፕላን ላይ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ። የሦስት ወሩ መርፌ ከቆመ በኋላ እርግዝና ለመያዝ ብዙ ጊዜ ይዘገያል፤ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ 9 ወይም 10 ወር መቆየቱ የተለመደ ነው፣ መካን አያደርግም። ሉፕና ክንድ ላይ የሚቀበረው ግን እንደወጣ ወዲያው ማርገዝ ይቻላል። በዚህ ወር እንዲያዝልኝ ብላችሁ ያቀዳችሁ ከሆነ ይህን አስገቡበት። ፎሊክ አሲድ ከማርገዝ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ በቀን 400 ማይክሮግራም ይጀመር። መጠበቅ የሚመከርበት ጊዜም አለ፤ ከወሊድ በኋላ ቀጣዩን እርግዝና ከመሞከር በፊት 24 ወር ማሳለፍ ለእናትም ለልጅም ይበጃል። ይህ ዓመት ቆጠራ ኮከብ አይጠይቅም።

ወንድሞቼ፣ እናንተን አልረሳኋችሁም። ልጅ ካልያዘላቸው ጥንዶች ግማሽ በሚሆኑት ውስጥ የወንዱ ድርሻ አለበት፤ ለብቻው ወይም ከሴቷ ጋር ተደምሮ። የዘር ፈሳሽ ምርመራ ደግሞ ከምርመራዎች ሁሉ ቀላሉ ነው። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅባችሁ ናሙና ትሰጣላችሁ፣ መርፌም የለው። እሷ በሦስት ሆስፒታል ተመርምራ፣ በሁለት ጠበል ተጠምቃ፣ እሱ አንድም ቀን ናሙና ያልሰጠበት ቤት ካለ ሰኞ ጠዋት አብራችሁ ሂዱ። ናሙናው ቤት ከተወሰደ ሰውነት ላይ አስጠግታችሁ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ አድርሱት።